ቦብ አንደርሰን፦ በራሱ ኪስ ፋብሪካዎችን የተፎካከረው ሰው

እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1964 የኦስትሪያ ግራንድ ፕሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና አካል ሆኖ ሲካሄድ፣ መኪኖቹ የተሰለፉት በዜልትቬግ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነበር። ኮንክሪቱ ጎርበጥባጣ ስለነበር መኪኖቹን እያናጠ ይሰባብራቸው ጀመር። የጆን ሰርቲስ ፌራሪ የኋላ ሰስፔንሽኑ፣ የዳን ገርኒ ብራባም የፊተኛው ተሰበረ። የዓለም ሻምፒዮኑ ጂም ክላርክ ኃይልን ከሞተር ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ከድቶት ወጣ። ግሬሃም ሂልም ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተሰናበተ። 105ቱን ዙር ቀድሞ የጨረሰው ጣሊያናዊው ሎሬንዞ ባንዲኒ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሪቺ ጊንተር ተከተለው። ሦስተኛ ሆኖ የገባው እንግሊዛዊ ግን የማንም ፋብሪካ ቅጥረኛ አልነበረም። መኪናው የራሱ፣ ወጪውም የራሱ ነበር። ቦብ አንደርሰን ይባላል።

አንደርሰን በ1931 የተወለደ የለንደን ልጅ ነው። ስሙን ያስጠራው በመጀመሪያ በሞተር ሳይክል ነው። በ1958 በአይል ኦፍ ማን ደሴት በተካሄደው ታዋቂው የሲኒየር ቲቲ ውድድር በኖርተን ሁለተኛ ወጣ። ያን ዕለት የቀደመው በኤም.ቪ. አጉስታ ያሸነፈው ጆን ሰርቲስ ነው። ሁለቱም ኋላ ፊታቸውን ወደ መኪና አዞሩ። ሰርቲስ ፌራሪን ሲቀላቀል፣ አንደርሰን የራሱን ትንሽ ቡድን አቋቋመ። በ1963 በሎላ መኪና በሲልቨርስቶን ፎርሙላ ዋንን ተቀላቀለ። በዚያው ዓመት ለሻምፒዮናው ነጥብ የማይቆጠርበትን የሮም ግራንድ ፕሪ በቫሌሉንጋ አሸነፈ። ለ1964 ደግሞ ክላይማክስ ሞተር የተገጠመለት ብራባም ገዛ።

የግል ተወዳዳሪ ኑሮ እንዴት ነበር? መኪናውን ከአምራቹ ይገዛል። አምራቹም በዚያው ሜዳ የሚወዳደር ቡድን ስላለው፣ አዲሱና የተሻሻለው ዕቃ አስቀድሞ የሚደርሰው ለራሱ አሽከርካሪዎች ነው። ገቢው በአብዛኛው የሚገኘው ከሽልማት ሳይሆን የውድድሩ አዘጋጆች ለመሳተፉ ከሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ሞተር ከፈነዳ የዚያ ሳምንት ገቢ፣ አንዳንዴም የወሩ፣ ለጥገና ይሄዳል። ስለዚህ የግል ተወዳዳሪ ፈጣን መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መኪናውን ጠብቆ እስከ መጨረሻው ዙር ማድረስ አለበት። በዜልትቬግ ዋጋ ያስገኘው ይህ ችሎታ ነው። አንደርሰን ከአሸናፊው በ3 ዙር ወደ ኋላ ቢቀርም፣ ታላላቆቹ መኪናቸውን ሰብረው በቆሙበት ሜዳ የእሱ መኪና እየሄደች ነበር። በዚያ ዓመት ከግል ተወዳዳሪዎች ሁሉ የላቀ ሆኖ የፎን ትሪፕስን ዋንጫ ተሸልሟል።

በ1966 የፎርሙላ ዋን ሞተር መጠን ከ1.5 ወደ 3 ሊትር በእጥፍ ሲያድግ ችግሩ ባሰ። አዲስ ሞተር ለፋብሪካዎቹ እንኳ በቀላሉ አልተገኘም፤ ለግል ተወዳዳሪማ ይበልጥ ከባድ ነበር። አንደርሰን ያደረገው ያለውን ማብቃቃት ነው። 2.7 ሊትር ገደማ የሚይዝ አሮጌ ባለ አራት ሲሊንደር ክላይማክስ አግኝቶ በብራባሙ ሻንሲ ላይ ገጠመው። ቀጥ ባለ ጎዳና ላይ ጉልበት በሚጠይቀው በሞንዛ፣ በዚህ ሞተር ስድስተኛ ወጥቶ ነጥብ ያዘ።

ጃንዋሪ 2 ቀን 1967 በደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ደግሞ አምስተኛ ሆነ። የዚያን ዕለት የሮዴዥያው ጆን ላቭ፣ እሱም በግሉ የመጣና ተመሳሳይ አሮጌ ክላይማክስ የያዘ ሰው፣ ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ዙር ሲቀረው እየመራ ነበር። ነዳጅ ለመጨመር ሲቆም ፔድሮ ሮድሪገዝ አልፎት አሸነፈ፤ ላቭ ሁለተኛ ወጣ። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ውጤት በአሮጌ ዕቃና በብልሃት ምን ያህል መጓዝ እንደሚቻል ያሳየ የመጨረሻው ታላቅ ምስክር ነው። በዚያው ዓመት ጁን 4 ቀን ጂም ክላርክ በዛንድቮርት አዲሱን የኮስዎርዝ ሞተር በሎተስ ይዞ ቀርቦ በመጀመሪያ ሙከራው አሸነፈ። ከዚያ በኋላ አሮጌው ባለ አራት ሲሊንደር ዕድሜው አጭር እንደሆነ ግልጽ ሆነ።

አንደርሰን ግን የዘመኑን ለውጥ እስከ መጨረሻው አላየም። ኦገስት 14 ቀን 1967 በሲልቨርስቶን መኪናውን ሲፈትን፣ በዝናብ በራሰው መንገድ ላይ ተንሸራቶ ከሜዳ ጠባቂዎች መቆሚያ ጋር ተጋጨ። በደረሰበት ጉዳትም ሆስፒታል ሳለ አረፈ። 36 ዓመቱ ነበር።

መዝገቡ የሚያሳየው በጠቅላላው 8 ነጥብ ማግኘቱንና አንድ ጊዜ ሦስተኛ መውጣቱን ነው። ይህን ከሻምፒዮኖች ቁጥር ጎን አስቀምጦ ትንሽ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ዛሬ በፎርሙላ ዋን ከሌላ አምራች መኪና ገዝቶ፣ ስሙን አስመዝግቦ መሰለፍ አይቻልም፤ ቡድን ሁሉ የራሱን መኪና መሥራት ግዴታው ነው። በአንደርሰን ዘመን ግን የመነሻው መስመር የሚሞላው እንደ እሱ ባሉ ሰዎች ጭምር ነበር። ከፋብሪካዎቹ አሽከርካሪዎች በአንድ ነገር ይለያሉ፤ ለእያንዳንዱ ስብራት ሒሳቡን የሚከፍሉት ራሳቸው ናቸው። የስፖርቱ ታሪክ የሚያሸንፉትን ብቻ ሳይሆን፣ ከፍለው የተፎካከሩትንም በስማቸው ሊጽፍ ይገባል።