ዜና ሊኑክስ፦ ስለ አሮጌው ላፕቶፕ

የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚለያዩባት በወረታ፣ ርብና ጉማራ ወደ ጣና በሚወርዱበት በፎገራ ሜዳ፣ ያረጀ ላፕቶፑን ለማዳን ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና የጫነ ሰው ዋይፋዩ እንቢ ቢለው፣ የእንቢታው ሥር ከእርሱ ስንፍና ሳይሆን ከቀደመ ታሪክ የመነጨ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ሥራውን ለዓለም ባስታወቀ ጊዜ፣ ሊኑክስ የተጻፈው 386 ለተባለው ፕሮሰሰር ብቻ ነበረ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የኮምፒውተር ዕቃ ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባውን የየራሱን ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨር፣ ሲሻ፣ አምራቹ ምስጢሩን የገለጠለት ቀሊል፣ የሰወረበት ግን ጽኑዕ ሥራ ሆነ። ለዚህ ዋና ምስክሩ ብሮድኮም የተባለው ቺፕ አምራች ኩባንያ ዋይፋይ ነው፤ ኩባንያው የአሠራሩን ሰነድ ለሕዝብ ስላልሰጠ፣ በጎ ፈቃደኞች ሊቃውንት፣ አንዱ ወገን የነባሩን ድራይቨር ጠባይ መርምሮ ያገኘውን ሲጽፍ፣ ሌላው ወገን በዚያ ጽሑፍ ብቻ ተመርቶ አዲሱን ሲያዘጋጅ ቆይተው፣ ድካማቸው በሰኔ 1998 ዓ.ም. በወጣው በሊኑክስ 2.6.17 ዕትም ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለው ትዕግሥት በእውነት ክብር የሚገባው ነው። ኩባንያው ራሱም በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ለአዳዲሶቹ ቺፖች ግልጽ ድራይቨር አወጣ።

ለአሮጌዎቹ ግን አንድ ዕንቅፋት ቀረ፤ ቺፑ ውስጥ የሚጫነውን ፈርምዌር ያለ ፈቃድ ማከፋፈል ስለማይቻል፣ ብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ሳይዙት ይመጣሉ፤ ስለዚህ ባለ ላፕቶፑ የእጅ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ፣ በስልኩ ኢንተርኔት ፈርምዌሩን ማውረድ ይችላል።