ውጫሌ እና የሐይቅ–አምባሰል የጉዞ መስመር

ውጫሌ በደቡብ ወሎ ዞን የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በወልድያ መንገድ ትገኛለች። የመስመሩ ውበት ያለው ግን ከከተማዋ ይልቅ በዙሪያዋ ነው።

ከደሴ የተነሳ መንገደኛ በግማሽ መንገድ የሐይቅ ከተማን ያገኛል። የውሃ ጉዞ የሚሻ ከከተማዋ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ይወርዳል። ዓሣ አጥማጆች በታንኳ ቀረሶ ያወጣሉ፤ ዳር ላይ የተጠበሰውን ሳይቀምሱ ማለፍ ያስቆጫል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቋቋሙት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ቦታው ከየብስ ጋር ተያይዟል። የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች አይገቡበትም፤ አብረው የሚጓዙ ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ይበጃል።

ከውጫሌ አቅራቢያ የሚገኘው ይስማ ንጉሥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የጣሊያኑ ልዑክ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙበት ነው። በ17ኛው አንቀጽ የተነሳው ውዝግብ እስከ ዐድዋ ጦርነት አድርሷል። ይህን ያህል ታሪክ ያለው ስፍራ በአላፊ መኪና መስኮት ብቻ መታየቱ ያሳዝናል።

የመስቀል ቅርጽ ያለው የግሸን ደብረ ከርቤ አምባም በዚሁ ወረዳ ነው። ለመስከረም 21 ንግሥ ምዕመናን ከየአገሩ ይተማሉ፤ ዳገቱን በእግራቸው የሚወጡት ብዙዎች ናቸው። ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱም በአምባሰል ስም ይጠራል፤ ከወሎ አዝማሪ ማሲንቆ ቢሰሙት ይመረጣል።