የጋራ ኅዳግ ማስታወሻ (በትምህርት)

የጋራ ኅዳግ ማስታወሻ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ በየኮምፒውተራቸው ከፍተው፣ የመረጡትን ሐረግ እያቀለሙ በጎኑ ጥያቄና አስተያየት የሚጽፉበት፣ አንዱም ለሌላው የሚመልስበት የንባብ ዘዴ ነው። ሃይፖቴሲስ፣ ፐሩሶልና ኤንቢ ከታወቁት መሣሪያዎች ይቆጠራሉ። (ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

ስለ ጅማሬው ስምምነት ያለ አይመስልም። አንዳንዶች ቫኒቨር ቡሽ በ1945 ወደ ገለጸው ሜሜክስ ይወስዱታል፤ ሆኖም ሜሜክስ በሐሳብ የቀረ ማሽን ነው። ሚዛን የሚደፋው በ1993 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሞዛይክ ማሰሻ ነው፤ የቡድን ማስታወሻ መጻፊያ ተሞክሮበት ነበር። ከሠሪዎቹ አንዱ ማርክ አንድሪሰን በኋላ እንደተናገረው፣ ሙከራው የቀረው ማስታወሻዎቹን የሚያስተናግድ ሰርቨር ባለመሟላቱ ነው። ይህን ያወሳው ግን በ2012 የኢንቨስትመንት ኩባንያው በራፕ ጂኒየስ፣ በግጥሞች ላይ ማስታወሻ በሚጻፍበት ድረ ገጽ፣ ላይ 15 ሚሊዮን ዶላር ባፈሰሰበት ጊዜ ስለሆነ፣ ምስክርነቱን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

በ1999 የወጣው ሰርድ ቮይስ ማንም ሰው በማንኛውም ድረ ገጽ ላይ አስተያየት እንዲለጥፍ ሲፈቅድ፣ የገጾቹ ባለቤቶች «ግድግዳችን ላይ ተጻፈብን» ዓይነት ተቃውሞ አሰሙ፤ አገልግሎቱም በ2001 ተዘጋ። ተመሳሳዩ የጉግል ሳይድዊኪ ከ2009 እስከ 2011 ብቻ ቆየ። ዳን ዌይሊ ሃይፖቴሲስን የመሠረተው በ2011 ነው። የድሩ መስፈርት አውጪ ድርጅት ደብልዩስሪሲ የማስታወሻ አጻጻፍ መስፈርቱን ያጸደቀው በየካቲት 2017 ነበር።

አሠራር

ማስታወሻው ከጽሑፉ ተለይቶ በሌላ ሰርቨር ይቀመጣል። ሃይፖቴሲስ የተቀለመውን ሐረግ ከነፊቱና ከነኋላው፣ በየወገኑ 32 ያህል ፊደላት ጨምሮ ይመዘግባል፤ ገጹ በድጋሚ ሲከፈት ያንን ፈልጎ ማስታወሻውን ከቦታው ያያይዘዋል። ጽሑፉ ከታረመና ሐረጉ ከጠፋ፣ ማስታወሻው ማረፊያ ያጣና «የሙት ልጅ» ተብሎ ለብቻው ይዘረዘራል።

በክፍል ውስጥ

በሰነድ ከተደገፉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የኤምአይቲው ኤንቢ ነው። በአንድ የምህንድስና ኮርስ 91 ተማሪዎች በአንድ መንፈቀ ዓመት ከ14,000 በላይ አስተያየት ጽፈዋል። መምህሩ ከክፍለ ጊዜው በፊት ያነባቸውና ትምህርቱን ተማሪዎቹ ወደተቸገሩበት ያዞር ነበር። የመሣሪያው ዋና ጥቅምም ይኸው ይመስላል፤ ዝም ያለው ተማሪ የት ላይ እንደቆመ ይታወቃል።

ፐሩሶል ከሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙርና ከባልደረቦቹ የመነጨ ነው። ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን ይከፍላል፤ አስተያየታቸውንም በሶፍትዌር መዝኖ ነጥብ ይሰጣል።

ትችት

ነጥብ ሲሰጥበት ተማሪው ለመረዳት ሳይሆን ቁጥር ለመሙላት ሊጽፍ ይችላል።

በግዕዝ ፊደል

መሣሪያዎቹ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛን ያለ ችግር ያነባሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ችግሩ በቀድሞዎቹ የፊደል ሶፍትዌሮች በተዘጋጁ ፒዲኤፎች ላይ ነው፦ በዓይን ሲታይ አማርኛ የሆነው ገጽ ተቀልሞ ሲገለበጥ የላቲን ፊደላት ቅልቅል ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ መሣሪያው በሚመዘግበው ጥቅስ ውስጥ የሚነበብ ነገር አይኖርም። ስካን ተደርጎ በምስልነቱ የቀረ ገጽ ደግሞ ከነጭራሹ ሐረግ አያስመርጥም። መምህሩ ንባቡን ለተማሪ ከመላኩ በፊት አንድ መስመር ገልብጦ ሌላ ቦታ ቢለጥፍ፣ ፋይሉ ለዚህ ሥራ መሆን አለመሆኑን ወዲያው ያውቃል።