የሰማይ ድንጋይ ምስጢሩ በውስጡ ነው

ከሕዋ ወደ ምድር የሚወድቅ ድንጋይ ሜትዮራይት ይባላል። ከላይ ሲታይ ጥቁር ወይም የዛገ ተራ ድንጋይ ይመስላል። ሰብሳቢዎችም ኾኑ ተመራማሪዎች በመጋዝ የተቆረጠ ስስ ቁራጩን የሚፈልጉት ታሪኩ ያለው በውስጡ በመኾኑ ነው።

ሜትዮራይቶች በሦስት ይከፈላሉ። አብዛኞቹ ድንጋያማ ናቸው፤ ሲቆረጡ በብዙዎቹ ውስጥ የጤፍ ወይም የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ ክብ ቅንጣቶች ይታያሉ። ቅንጣቶቹ ከ4 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ አላቸው። ሁለተኛዎቹ ከብረትና ከኒኬል የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ተወልውለው በአሲድ ሲታጠቡ እንደ ሽመና የተጠላለፉ መስመሮች ይወጡባቸዋል፤ ይህም ብረቱ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ በዝግታ በመቀዝቀዙ የተፈጠረ ነው። ሦስተኛዎቹ የብረትና የድንጋይ ቅልቅል ናቸው። ከእነዚህ መካከል ፓላሳይት የሚባለው በስሱ ተቆርጦ ወደ ብርሃን ሲያዝ፣ በብረቱ መሐል ያሉት ቢጫና አረንጓዴ ክሪስታሎች እንደ ባለቀለም መስታወት ብርሃን ያሳልፋሉ።

የአንድ ቁራጭን ዋጋ የጎረቤት ሀገር ሶማሊያ ታሪክ ያሳያል። በሂራን ክልል በኤል አሊ አካባቢ የነበረውንና ከ15 ቶን በላይ የሚመዝነውን ብረት አርብቶ አደሮች ለትውልዶች ያውቁታል፤ በዘፈንና በግጥምም ያነሱታል። ከእርሱ የተወሰደ 70 ግራም ቁራጭ በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሲመረመር፣ ቀድሞ በቤተ ሙከራ ብቻ የተሠሩ፣ በተፈጥሮ ግን ታይተው የማያውቁ ሁለት ማዕድናት ተገኙበት። ግኝቱ እ.አ.አ በ2022 ይፋ ኾኗል። አንደኛው ማዕድን በቦታው ስም ኤላሊይት ተብሏል። ዋናው ድንጋይ ግን ገዥ ፍለጋ ወደ ቻይና መወሰዱ ተዘግቧል።

በእርሻ ወይም በግጦሽ መሬት ላይ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ስስ ጥቁር ቅርፊት ያለውና ማግኔት የሚስብ ድንጋይ ከተገኘ ትኩረት ይሻል። ማግኔት መሳቡ ብቻውን ማረጋገጫ አይኾንም፤ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይም ብዙውን ጊዜ ሜትዮራይት አይደለም።

አግኚው ድንጋዩን በመዶሻ ከመስበር፣ በእሳት ከማሞቅና በአሲድ ከማጠብ መቆጠብ አለበት። የተገኘበትን ቦታና ቀን መመዝገብ፣ ፎቶ ማንሳትና የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ላለው ዩኒቨርሲቲ ማሳየት ይመከራል። ውስጡ ሳይመረመር ለድንጋዩ ዋጋ መቁረጥ አግኚውን ከጥቅሙ፣ ሀገርንም ከቅርሷ ሊያሳጣ ይችላል።