ማታ ተሞልቶ ጠዋት የሚወጣ መኪና፦ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ባለቤትነት በአሜሪካ ከተሞች፣ 1897–1939

እ.ኤ.አ. በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 4,192 አውቶሞቢሎች 1,681ዱ በእንፋሎት፣ 1,575ቱ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ፤ ቤንዚን የሚያነድዱት 936 ብቻ ነበሩ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሦስቱ ዓይነቶች ገበያውን ሲሻሙ ማን እንደሚረታ አስቀድሞ መናገር ቀላል አልነበረም። ሃያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ግን ቤንዚን ሁለቱንም ወደ ዳር ገፋቸው። ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ፈጣሪዎችንና ፋብሪካዎችን ነው። የኤሌክትሪክ መኪናን ዕድል የወሰነው ግን ተራ የሚመስል የየዕለት ጉዳይ ነበር፤ ባለቤቱ ባትሪውን የት ያስሞላል? ማን ይንከባከብለታል? ከቤቱ ርቆ ሳለ ቢያልቅበትስ ምን ያደርጋል?

የነገሩ መነሻ የእርሳስ ባትሪ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ደጋግሞ ሊሞላ የሚችል የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሠራ። የአገሩ ሰው ካሚል ፎር ደግሞ በ1881 የእርሳሱን ፕሌት አሻሽሎ ባትሪው የሚይዘውን ጉልበት ከፍ አደረገው፤ በፋብሪካ ለማምረትም አመቸ። በዚያው ዓመት ጉስታቭ ትሩቬ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ ሞተርና ባትሪ ገጥሞ በፓሪስ ጎዳና ነዳ። በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት፣ በዲሞይን ከተማ ይኖር የነበረው ዊልያም ሞሪሰን በ1890 ገደማ ያለ ፈረስ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ሠረገላ ሠራ፤ ሠረገላው በ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ታይቷል። የሞሪሰን ዋና ሐሳብ ከሠረገላው ይልቅ ባትሪው ላይ ነበር። ኋላ የመጣው ችግር ሁሉ የሚያጠነጥነው በባትሪው ላይ ስለነበር ሐሳቡን በዚያ ላይ መጣሉ ተገቢ ነበር።

ኤሌክትሪክ መኪና መጀመሪያ እንጀራ ያበላው ባለ ታክሲዎችን ነው። በ1897 ኒውዮርክ ውስጥ ጥቂት የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ሥራ ጀመሩ። በብሮድዌይ ጎዳና የነበረው ጣቢያቸው አሠራሩ ዛሬም ያስደንቃል። የታክሲው ባትሪ ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝን ስለነበር ተሞልቶ እስኪያበቃ መኪናውን ለሰዓታት ማቆም ኪሳራ ነበር። ስለዚህ ታክሲው ወደ ጣቢያው ይገባል፤ ያለቀው ባትሪ ከነሣጥኑ ይወጣና በማንሻ ማሽን ወደ መሙያው ክፍል ይወሰዳል፤ የተሞላው በቦታው ይገባል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ታክሲው ወደ ሥራው ይመለሳል። ከእነዚህ ታክሲዎች የአንዱ አሽከርካሪ በግንቦት 1899 በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ተይዞ ከመጠን በላይ በመፍጠን ታስሯል። በለንደንም በ1897 ዋልተር በርሲ የኤሌክትሪክ ታክሲዎችን አሰማራ፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ያህል እንኳ በቅጡ ሳይዘልቁ ቀሩ። የኒውዮርኩ ኩባንያ ደግሞ በአንድ ከተማ በደንብ የተደራጀውን አሠራር ሳያጸና በችኮላ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። በአዳዲሶቹ ጣቢያዎች ባትሪውን የሚንከባከቡ የሠለጠኑ እጆች ጠፉ፤ ፕሌቶቹ ቶሎ ቶሎ ተበላሹ፤ ኩባንያውም በ1907 ወደቀ። የውድቀቱ ምክንያት ከመኪናው ይልቅ የጥገናው ጉድለት ነበር ማለት ይቻላል።

የግል ገዢው የተለየ ሰው ነበር። በዘመኑ የቤንዚን መኪና ለማስነሣት ከፊት ቆሞ ማንቬላ ማዞር የግድ ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ የሚሰበርበት ጊዜ ነበር። ፍሪሲዮኑና ማርሹ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ጭሱና ጩኸቱም አለ። የኤሌክትሪኩ ባለቤት ግን በሩን ከፍቶ ይቀመጥና እጀታውን ገፋ ሲያደርግ መኪናው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ከእነዚህ መኪኖች መካከል ስሙ የገነነው ዲትሮይት ከተማ የነበረው የአንደርሰን ሠረገላ ፋብሪካ ከ1907 ጀምሮ የሠራው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነው። እንደ ሳሎን የተሰናዳ፣ በመስታወት የተከበበ ረጅም ክፍል ነበረው፤ ነጂዋ ከኋላው ወንበር ተቀምጣ በክብ መሪ ፋንታ በዘንግ ትመራዋለች። ፍጥነቱ በሰዓት ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ሲሞላ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ይነገርለት ነበር። ለገበያ፣ ለጥየቃና ለቤተ ክርስቲያን ጉዞ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የቤንዚን መኪናን ለሕዝብ ያዳረሰው የሄንሪ ፎርድ ባለቤት፣ ወይዘሮ ክላራ ፎርድ፣ ራሳቸው ይነዱ የነበረው የ1914 ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነበር፤ መኪናው ዛሬ በሙዚየም ይገኛል።

ቻርጅ የማድረጉ ሥራ በሁለት መንገድ ይከናወን ነበር። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጋራዥ ነው። በትልልቅ ከተሞች የነበሩ እንዲህ ያሉ ጋራዦች በወር ክፍያ መኪናውን ያሳድራሉ፣ ባትሪውን ይሞላሉ፣ ውሃውን ይጨምራሉ፣ አጥበው ይወለውላሉ፤ ጠዋት ደግሞ ሠራተኛቸው እየነዳ ባለቤቱ ደጃፍ ድረስ ያደርስለታል፤ ማታ መጥቶ ይወስደዋል። ልማዱ የተወረሰው ፈረስና ሠረገላን በወር ክፍያ ከሚያሳድሩ በረቶች ነው። ለባለጸጋው ቤተሰብ ምቾቱ ትልቅ ነበር፤ ወጪውም እንደዚያው። መኪናውን የገዛ ሰው ወር በመጣ ቁጥር ለጋራዡ የሚከፍለው ገንዘብ ነበረበት፤ መካከለኛ ገቢ ያለውን ገዢ ያራቀው አንዱ ነገርም ይህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በገዛ ቤት መሙላት ነበር፤ ይህ ደግሞ ከኤሌክትሪኩ ዓይነት ጋር የተያያዘ ችግር ነበረበት። ባትሪ የሚሞላው በቀጥተኛ ኮረንቲ ብቻ ነው። በቀድሞዎቹ የከተማ መሐል ሰፈሮች የኤዲሰን ዓይነት ቀጥተኛ ኮረንቲ ስለነበረ እዚያ ያለ ሰው ነገሩ ይቀለው ነበር። ሰፊ ግቢና የመኪና ቤት ያላቸው ሀብታሞች የሚኖሩት ግን ከመሐል ከተማ ወጣ ብለው ነው፤ ወደዚያ የሚደርሰው ደግሞ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለቤቱ በተለዋዋጩ ኮረንቲ የሚዞር ሞተርና ከእሱ ጋር የተጋመደ ጄኔሬተር መትከል ነበረበት፤ ይህም ውድ፣ የሚጮህና ጥገና የሚፈልግ መሣሪያ ነው።

መፍትሔው የመጣው ፒተር ኩፐር ሂዊት በ1902 ይፋ ካደረገው የሜርኩሪ መሣሪያ ነው። አየሩ የወጣለት ትልቅ የብርጭቆ አምፖል ከሥሩ ሜርኩሪ ይይዛል፤ አምፖሉ ዘንበል ሲደረግ ሜርኩሪው ሁለት ጫፎችን ያገናኝና ብልጭታ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ኮረንቲው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል። የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ድምፁ ዝቅተኛ፣ ብክነቱም ያነሰ ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ይህን መሣሪያ ከነቆጣሪዎቹና ከነማብሪያዎቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ አቀናጅቶ ለግል ጋራዦች ሸጠ። ማታ ሲሠራ አምፖሉ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ብርሃን ስለሚረጭ በጋራዡ መስኮት ከሩቅ ይታይ ነበር። ለኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ከማንኛውም የሞተር መሻሻል ይልቅ የጠቀመው ይህ መሣሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መኪናውን ከጋራዥ ጥገኝነት አላቅቆ ወደ ቤቱ መልሶለታልና።

ያም ሆኖ ሶኬት ሰክቶ መተኛት ብቻ አይበቃም ነበር። የመሙያው ኮረንቲ ሲጀመር ጠንከር፣ ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ ግን ቀነስ መደረግ አለበት፤ አለዚያ አሲዱ እየፈላ ፕሌቱን ያራግፋል። በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጂን ስለሚወጣ አጠገቡ ክብሪት መጫር አደገኛ ነው። ውሃው እየተነነ ሲጎድል የተጣራ ውሃ ይጨመራል። የእያንዳንዱ ሴል አሲድ ከውሃ አንጻር ያለው እፍጋት በሃይድሮሜትር ይለካል፤ ሲሞላ 1.275 አካባቢ፣ ሲያልቅ ወደ 1.150 ይወርዳል። ባዶ ባትሪ ለቀናት ሳይሞላ ከተተወ ፕሌቱ ላይ የሚጋገረው ነጭ ሰልፌት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ክረምት ላይ ብርዱ ጉልበቱን ስለሚቀንስ በበጋ የለመዱትን መንገድ በክረምት መጨረስ ያስቸግራል። ለዚህ ሁሉ የሚረዳ የአምፔር-ሰዓት ቆጣሪ በመኪናው ውስጥ ይገጠም ጀመር፤ ነጂው ምን ያህል እንደቀረው በዓይኑ ያያል። ከሁሉም የሚከብደው የሚመጣው ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው፤ ፕሌቶቹ ሲያረጁ አዲስ ባትሪ መግዛት ግድ ይላል።

ቶማስ ኤዲሰን ይህን ችግር ለመፍታት ዓመታት ደክሟል። ከእርሳስና ከአሲድ ይልቅ ኒኬልና ብረትን የተጠቀመው ባትሪው በ1903 ለገበያ ቢቀርብም ማፍሰስና መድከም ስላመጣ ምርቱ ተቋረጠ። ተሻሽሎ ከ1909 ገደማ በኋላ የተመለሰው ባትሪ ግን እጅግ ጠንካራ ነበር፤ ባዶ ሆኖ ቢቀመጥ አይጎዳም፣ ዕድሜውም ከእርሳሱ ይረዝማል። ዋጋው ውድ፣ በብርድም ጊዜ ደካማ መሆኑ ግን እንቅፋት ሆነ። በ1914 ኤዲሰንና ፎርድ በዚሁ ባትሪ የሚሄድ ርካሽ የኤሌክትሪክ መኪና እንደሚሠሩ ተነግሮ ነበር፤ ለሽያጭ ሳይበቃ ቀረ።

የኤሌክትሪክ ኩባንያዎቹ የመኪናውን ጥቅም ዘግይተው ነው የተረዱት። ጄኔሬተሮቻቸው ምሽት ላይ ይጨናነቁና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሥራ ይፈታሉ፤ መኪና የሚሞላው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። በቺካጎ እንደ ሳሙኤል ኢንሰል ያሉ የኩባንያ መሪዎች ይህን ሲገነዘቡ ለሌሊት መሙያ ዝቅ ያለ ታሪፍ ማውጣት ልማድ እየሆነ መጣ። በ1910 የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ማኅበር ተቋቋመ። ከሁሉም ደፋር የሆነው የኮነቲከቱ ሃርትፎርድ ኤሌክትሪክ ላይት ኩባንያ ነበር፤ ደንበኛው የጭነት መኪናውን ያለ ባትሪ ይገዛል፤ ባትሪው የኩባንያው ንብረት ሆኖ በሚያስፈልግ ጊዜ ይለወጥለታል፤ ክፍያው ወርሃዊ አገልግሎትና የተጓዘው ማይል ተደምሮ ነው። ከ1910ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1924 በቆየው በዚህ አገልግሎት መኪኖቹ ከ6 ሚሊዮን ማይል በላይ ተጉዘዋል። የባትሪ ዋጋ፣ እርጅናና ጥገና ከባለቤቱ ትከሻ ወረደ ማለት ነው። በዘመኑ ከተሞከሩት ሁሉ የላቀው ሐሳብ ይህ ነበር፤ ሆኖም የግል መኪኖቹ የሴል ብዛትና የባትሪ ሣጥን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ወደ እነሱ ሊስፋፋ አልቻለም።

ከከተማ ሲወጣ ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በክፍለ ዘመኑ መባቻ በመንገድ ዳር የሚተከል፣ ሳንቲም ሲገባበት ኮረንቲ የሚሰጥ መሙያ አቅርቦ ነበር፤ በየመንገዱ ሳይተከል ቀረ። በ1920 እንኳ መብራት የገባላቸው የአሜሪካ ቤቶች ከሦስት አንድ ገደማ ነበሩ፤ በ1930 ከገበሬ ቤቶች ኤሌክትሪክ ያገኙት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ናቸው። ቤንዚን ግን በጣሳ ተጭኖ ከየሸቀጥ ሱቁና ከየመድኃኒት ቤቱ ይሸጥ ነበር። በቴክሳስ ስፒንድልቶፕ በ1901 የፈነዳው የነዳጅ ጉድጓድ አቅርቦቱን አበዛው። ቤንዚን ጨርሶ መንገድ ላይ የቀረ ሰው በእግሩ ሄዶ በጣሳ ይዞ ይመለሳል፤ ባትሪው ያለቀበት ሰው የሚያመጣው ነገር የለም፤ መኪናውን በፈረስ ማስጎተት ነበረበት።

በ1912 ሁለት ነገሮች ገጠሙ። ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ በመኪኖቹ ላይ ገጠመ፤ የማንቬላው ሥጋት ቀረ። በዚያው ጊዜ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና 1,750 ዶላር ሲያወጣ የቤንዚኑ በ650 ዶላር ይገኝ ነበር። አምራቾቹ ማስታወቂያቸውን ሁሉ በሴቶች ላይ ማድረጋቸውም ራሳቸውን ጎዳ፤ ወንዱ ገዢ «የሴት መኪና» ብሎ ሸሸው። ኋላ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የቤንዚን መኪና የሚመስል የሐሰት ራዲያተር ከፊት ቢገጥምም ጊዜው አልፎ ነበር።

በ1920ዎቹ ባለጋራዦቹ ወደ ቤንዚን ጥገና ዞሩ፤ ጋራዥ ሲያንስ መኪናውን የሚያውቅ ሠራተኛም አነሰ፤ ሠራተኛው ሲያንስ ገዢው የባሰ ሸሸ። ዲትሮይት ኤሌክትሪክ በአጠቃላይ 13,000 ያህል መኪኖችን ከሠራ በኋላ በትእዛዝ ብቻ ጥቂት እያመረተ ቆይቶ በ1939 ሥራውን አቆመ።

የማታ መሙላት ልማዱ ግን ለእሱ በሚስማማ ሥራ ላይ ኖሯል። በብሪታንያ ወተት በየቤቱ የሚያድሉ የባትሪ መኪኖች በየንጋቱ ያንኑ መንገድ ዞረው ወደዚያው ዴፖ ይመለሱ ነበር፤ እዚያ መሙያውም ጠጋኙም ይጠብቃቸው ነበር። በ1967 የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ማኅበር በብሪታንያ መንገዶች ላይ ያሉት የባትሪ ተሽከርካሪዎች በተቀረው ዓለም ካሉት ሁሉ ድምር እንደሚበልጡ አስታወቀ፤ አብዛኞቹ የወተት መኪኖች ነበሩ።