ጎበዞቹ የት ይማሩ?

ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ለራሳቸው ንግሥ አስበው ነበር ይባላል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. አቡነ ሰላማ በዚያ የቀቡት ግን ውቤን ድል የነሱትን ካሣ ኃይሉን፣ ዐፄ ቴዎድሮስን ነው። ዘውዱ ለአሸናፊው እንደ ሄደ ሁሉ፣ ከዚህ ከሰሜን ደጋ ደበሎ ለብሶ ለሚወርድ የቆሎ ተማሪም የትውልዱ ነገር ብዙ አያግዘውም፤ ብልጫውን ማስመስከር አለበት፦ ድጓን በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ፣ አቋቋምን በጎንደር በአታ፣ ቅኔን በዋሸራ ወይም በጎንጅ። ቅኔው ቀድሞ የገባው ለብቻው ቤት አይቀለስለትም። አስነጋሪ ሆኖ የኋለኞቹን ያደምጣል፣ ያርማል፤ ቁራሹንም እንደነሱ ለምኖ ይበላል። (ሴቶችን ይህ ቤት እምብዛም አላስገባም፤ የቅኔ መምህርቷ እማሆይ ገላነሽ ብርቅ ናቸው።)

ዘመናዊው ትምህርት ጎበዞቹን ወደ መሀል አገር ሰበሰበ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የልዑል በዕደ ማርያም ላብራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡትን እየተቀበለ 12ኛ ክፍል ያስተምር ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለብርቱዎች የተለየ ቤት ካየን፣ ቅርቡ ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ስቴት በ1956፣ ኦሪገን በ1960 እ.ኤ.አ. የከፈቷቸው የኦነርስ (የማዕረግ) ኮሌጆች ግን ተማሪውን እስከ ምረቃ ይይዙታል፤ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ መምህሩ ቅርብ ነው፣ በኦሪገን ማብቂያው የራስ ጥናት ነው። የእኛው በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያበቃ ነበር።

ዛሬ በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕረግ የምናየው በምረቃ ቀን ነው። ተመራቂው ሜዳሊያ ይጠለቅለታል፤ አራቱን ዓመት ግን ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ያንኑ ሃንድአውት ሲሸመድድ ኖሯል። ሽልማት ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሬሜዲያል ማስተማር ያዙ። በዚህ መሀል ስለ ጎበዞች ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ለእኔ አይመስለኝም፤ ሬሜዲያሉን የሚያግዝ አስነጋሪ ከየት ይምጣ?

ለምሳሌ፣ አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ዋልያና ጭላዳ ያሉበት፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ፓርክ ደጁ ላይ አለለት። ሃያ ጎበዝ ተማሪ ሦስት ዓመት ሙሉ ግጦሹን፣ ጅብራውን፣ የገበሬውን ማሳ ቢያጠና ሌላ ሕንጻ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የመምህሩን ጊዜ ነው፤ እሱ ደግሞ በክፍለ ጊዜ ብዛት ተይዟል። የሰሜን ልጅም ቢሆን ነጥቡ ከፍ ሲል የምደባ ምርጫውን ይሞላ የነበረው ከአዲስ አበባ ጀምሮ ነው።