ስሙን አስረክቦ የተሻገረው ተማሪ

በ1942 እ.ኤ.አ. ጃፓን ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የፈለገ ኮሪያዊ ወጣት አስቀድሞ የሚያስረክበው ስሙን ነበር። አገሩ ከ1910 ጀምሮ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ናት፤ ያለ ጃፓንኛ ስም ባሕሩን ለመሻገር የሚያበቃው ወረቀት አይገኝም። የ24 ዓመቱ ገጣሚ ዩን ዶንግጁም ሴኡል የሚገኘውን ዮንሂ ኮሌጅ እንደ ጨረሰ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን «ሂራኑማ» የሚል ስም አስመዘገበ። ከ5 ቀን በፊት «ኑዛዜ» የተባለ ግጥም ጽፏል፤ በዛገ መስተዋት ፊቱን እያየ በራሱ የሚያፍር ሰው ግጥም ነው።

ቶኪዮ ሪክዮ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በጠባብ የኪራይ ክፍሉ ተቀምጦ በኮሪያኛ የጻፋቸውን ግጥሞች ሴኡል ላለ ጓደኛው በደብዳቤ ላከ። ከነዚያ 5 ተርፈዋል። ከቤት በተላከ ገንዘብ እየተማሩ፣ አገር እየተጨነቀ ግጥም መጻፍ እንደሚያሳፍረው በግጥሞቹ ይናገራል። እኔን የሚገርመኝ፣ ይህን ሁሉ ሲል አንድም ቦታ አለመጮሁ ነው።

በዚያው ዓመት ኪዮቶ ወደሚገኘው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። አብሮ አደጉ የአክስቱ ልጅ ሶንግ ሞንግግዩ እዚያው ከተማ ይማራል። በሰው አገር ላለ ተማሪ የአገር ልጅ ማግኘትና በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማውጋት ትልቅ መጽናኛ ነው። የፖለቲካ ፖሊስ ወንጀል ያደረገው ግን ይህንኑ ወግ ነው። ኮሪያውያን ተማሪዎች በፌብሩዋሪ 1919 ቶኪዮ ላይ የነፃነት አዋጅ ካነበቡ ወዲህ የፖሊስ ዓይን ተለይቷቸው አያውቅም።

ዶንግጁ በጁላይ 1943 ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲሰናዳ ተያዘ። የፍርድ መዝገቡ ከጓደኞቹ ጋር ስለ ኮሪያ ቋንቋና ነፃነት ያወራውን ይዘረዝራል። የተፈረደበት 2 ዓመት ነው። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1945፣ ጦርነቱ ሊያበቃ 6 ወር ሲቀረው፣ በ27 ዓመቱ ፉኩኦካ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። አብሮት የታሰረው ሞንግግዩም ወር ሳይሞላ ተከተለው። እስር ቤት ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ መርፌ ይወጉ እንደነበር ዘመዶች ተናግረዋል፤ እስካሁን ግን አልተረጋገጠም።

ከመሄዱ በፊት በእጁ ጽፎ ለሌላ ጓደኛው የሰጠውን የግጥም ጥራዝ የዚሁ ጓደኛው እናት ከወለል ሥር ደብቀው አቆዩለት። በ1948 ታተመ፤ ዛሬ ኮሪያ ውስጥ በእጅጉ ከሚወደዱ መጻሕፍት አንዱ ነው።

ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ዶንግጁ በሞተበት ዕለት መታሰቢያ፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2025፣ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ማዕረጉ ይገባዋል፤ 80 ዓመት ዘገየ እንጂ።